ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሳ

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ይህን ቀድሜ ልናገርና እንገላገል። ስቴርያኒ፣ ዘመኔን ሁሉ አብራኝ የኖረችው የቤቴ ሰው፣ «አንቺ ፖሊክሴኒ፣ ከሰው ጋር ሳትጣዪ ከዋልሽ ያመመሽ ይመስለኛል» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለሥራዬ ግን ቁጣዬ ጠቅሞኛል። ተሰሎንቄ ውስጥ፣ ከገበያው ጀርባ፣ ቡጋጻ የሚባለው በክሬም የተሞላ ቂጣ ከሚጋገርበት ቤት በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለውን «ክፍት በር» የሚባል ቢሮ የምመራው እኔ ነኝ።

ሥራችን ሰውን ከሥራ ማገናኘት ነው። የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ በመሆኑ ወይም ትራንስ በመሆኗ የተገፋ ሰው ወደ እኛ ይመጣል፣ እኛም በሙያው ብቻ የሚመዝነው አሠሪ እንፈልግለታለን። እዚህ ከተማ ሥራ የሚገኘው «የማን ልጅ ነህ?» በሚለው ጥያቄ ነው። አጎት ለአጎት ይደውላል፣ ቄሱ ለባለ ሱቁ ሹክ ይላል፣ ልጁ ገና ሳይቀጠር ሰፈሩ ሁሉ ጓዳውን አውቆ ያድራል። እኛ ቤት ይህ ጥያቄ ክልክል ነው። ምን መሥራት ትችላለህ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ስንት ቢከፈልህ ይሻልሃል፤ አለቀ። ማንን እንደምትወድ አንጠይቅም፤ ከነገርከንም አንጽፈውም። ያልተጻፈ ነገር አይሰረቅም።

አንድ ጥያቄ ግን እንጨምራለን፤ ያመጣሁትም እኔ ስለሆንኩ ስናገረው ደረቴን ነፍቼ ነው። «ስንደውልልህ ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነሳ ማን ነን እንበል?» ሰዉ ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይስቃል፤ ከዚያ ቁጭ ብሎ ያስባል። አንዱ የጥርስ ሐኪም ነን በሉ ይላል። ሌላዋ የመብራት ሒሳብ ሰብሳቢ። አንዱማ «የቀድሞ ሚስቱ ነኝ በዪ፤ እናቴ ጆሮሽ ላይ ነው የምትዘጋብሽ» ብሎ አስቆኛል። በጭራሽ አትደውሉ፣ ጽፋችሁ ብቻ ላኩልኝ የሚሉም ብዙ ናቸው። ያሉትን አንዲት ቃል ሳናዛንፍ እንፈጽማለን። የቢሯችን ስም ብቻውን ወሬ ነዋ። «ከክፍት በር ነው የምደውለው» ካልክ የቀረውን ጎረቤት ይጨርሰዋል። እኔም ድሮ ከምሠራበት ቦታ የወጣሁት ሥራ ጎድሎብኝ አይደለም። የሠራተኞች ጉዳይ ጸሐፊዋ ስለ እኔና ስለ ስቴርያኒ ለእህቷ ነገረች፣ እህቷ ለባሏ ነገረች፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

አሁን ወደ እትዬ አርጊሮ ልምጣ። አርጊሮ ጡረታ የወጣች የልብስ ስፌት አስተማሪ ናት። ልጇ ሴት ወዳ፣ አግብታ፣ ፓትራ ትኖራለች። አርጊሮ በዚህ ጉዳይ መጀመሪያ አልቅሳ፣ ኋላ ተጸጽታ፣ በመጨረሻ «ያለቀስኩበትን በሥራ ልካሰው» ብላ በነፃ ልታገለግለን መጣች። እንደሷ ያለ ደግ ሰው አላየሁም። የሚመጣውን ሁሉ ትመግባለች፣ የሁሉንም ቁልፍ ትሰፋለች፣ የሁሉንም ስም ታስታውሳለች። ጣጣውን ያመጣብን ይኸው ስም ማስታወሷ ነው።

እኛ ዘንድ ልደት ይረሳል፤ የስም ቀን ግን አይረሳም። ስሙን የወሰደበት ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት ያልደወልክለት ሰው ዓመቱን ሙሉ ያኮርፍሃል። የቅዱስ ዲሚትሪዮስ ቀን ደግሞ የከተማዋ ጠባቂ በዓል ስለሆነ ሁሉም ዝግ ነው፣ እኛም ዝግ ነን። አርጊሮ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በቢሮው በኩል አለፈች። ቁልፍ አላት። ቁጭ አለች፣ የሥራ ፈላጊዎቻችንን ማመልከቻ አወጣች፣ ዲሚትሪስ የተባለውን ሁሉ ለየች፣ ለእያንዳንዱም እየደወለች «ዓመት ዓመት ያድርስህ» አለች። በዚህ ከተማ ዲሚትሪስ እንደ ባሕር ጠጠር ነው። ሞባይል ለማያነሳው ደግሞ ማመልከቻው ጥግ ላይ ያገኘችውን የቤት ስልክ ደወለች።

በማግስቱ ስገባ ፊቷ አብርቶ ጠበቀችኝ። «ሁሉንም ደስ አሰኘኋቸው» አለችኝ። ለማን እንደደወለች፣ ምን እንዳለች፣ አንዱ ቤት ደግሞ አባትየው አንስተው እንዴት እንዳመሰገኗት አንድ በአንድ ነገረችኝ።

«ለአባትየው ከየት ነው የምደውለው አልሽ?»

«ከየት እላለሁ? ከክፍት በር ነዋ። ለዲሚትሪስ እንኳን አደረሰህ በሉልን፣ ሥራውም ሊሳካለት ነው አልኩ። ውሸት ልናገር በበዓል ቀን?»

«እትዬ አርጊሮ፣ ምን ጉድ ሠራሽ?»

«እንኳን አደረሰህ አልኩ። ሰው እንኳን አደረሰህ በመባል ይሞታል እንዴ?»

«ይሞታል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም፤ ታች ያሉት ጋጋሪዎች ሊጥ ማቡካታቸውን አቁመው ሰምተዋል። ዋናው ነገር ይህ ነበር፦ ቁጥሩን የሰጡን ለሥራ ነው። ለሥራ የተሰጠንን ለደስታም ቢሆን መንካት አንችልም፤ ሕጉም አይፈቅድም፣ እኔም አልፈቅድም። «ጎረቤትሽ ቤቴን ጠብቂልኝ ብላ ቁልፍ ብትሰጥሽ፣ ገብተሽ ልብሷን ታጥቢላታለሽ?» አልኳት።

«ከቆሸሸ አዎ» አለች አርጊሮ፣ ከልቧ።

በምን ቋንቋ ልንገራት። የዚያን ዲሚትሪስ ማመልከቻ አውጥቼ፣ ሌላ ሰው ቢያነሳ ለሚለው ጥያቄ የሰጠውን መልስ ራሷ እንድታነበው ሰጠኋት። «የቤት ስልክ ላይ በምንም ምክንያት አትደውሉ። አባቴ ካወቀ ውጪ ነው የማድረው» ይላል። አነበበችው። መነጽሯን አወለቀች፣ እንደገና አደረገች፣ እንደገና አነበበችው። ከዚያ ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ እኔም ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፤ ቢሆንም የፈሰሰበትን ሰው «እኛ ነን ያፈሰስነው» ማለት ግዴታ ነው። የሕግ አማካሪያችን ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ዝም ብንል ይሻላል ብሎ ነበር። እኔ ለግል መረጃ ጠባቂው መሥሪያ ቤት በራሴ ቢሮ ላይ በራሴ እጅ ክስ መሰል ደብዳቤ ጻፍኩ። ለተደወለላቸው ሁሉ ደግሞ እያንዳንዱ በመረጠው መንገድ መልእክት ሄደ፤ ይቅርታውን አርጊሮ ራሷ እንድትጽፍ አደረግኩ። አብዛኞቹ ሳቁ። አንዱ ቤት ኬክ እንዳለ ጽፎ ጋበዛት። ያኛው ዲሚትሪስ ግን አልጻፈም፤ መጣ።

የማቀዝቀዣ ቴክኒሻን ነው፤ የፍሪጅና የበረዶ ቤት ሞተር የሚሠራ፣ ረጅም፣ አገጩ ወደ ፊት የወጣ ልጅ። ወደብ ላይ ያለ የዓሣ ማቀዝቀዣ መጋዘን ቀጥሮት ሰኞ ሊጀምር ነበር። ልብሱ የበዓል ልብስ ነው፣ ግን የታደረበት።

«ስሜን ሰርዙልኝ» አለ፤ አልተቀመጠም። «ስልኬን፣ ማመልከቻዬን፣ ሁሉንም። እዚህ መጥቼ አላውቅም።»

«ይሰረዛል» አልኩት። «መብትህ ነው፤ ዓይንህ እያየ አጠፋዋለሁ። መጀመሪያ ግን ምን እንደደረሰብህ ንገረኝ፤ በእኛ ጥፋት የመጣ ነውና።»

ነገረኝ። ቤታቸው ገበታ ተዘርግቶ እንግዳ ተሰብስቧል። ስልክ ጮኸ፣ አባቱ አነሳ፣ አመሰገነ፣ ዘጋ። «ክፍት በር የሚባል መሥሪያ ቤት እንኳን አደረሰህ ብሎሃል፤ ጨዋ ሰዎች ናቸው» አለ። አባት ቢሮው ምን እንደሆነ አያውቅም። የአባቱ ወንድም ፓንዴሊስ ግን ያውቃል። ሹካውን አስቀመጠና ለገበታው ሁሉ፣ እየሳቀ፣ ምን ዓይነት ሰዎች የሚሄዱበት ቤት እንደሆነ አስረዳ። በዚያም አላበቃም። «ወደብ ላይ የማያውቀኝ የለም፤ የት እንደቀጠሩት ብቻ ልወቅ፣ አንድ ስልክ ይበቃኛል» አለ።

«አባትህስ?» አልኩት።

«አባቴ ምንም። የሚያየው ሳህኑን ነበር። አንድ ቃል፣ እትዬ ፖሊክሴኒ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ኮቴን አንስቼ ወጣሁ።»

አርጊሮ ጥግ ላይ ቆማ መሬት ብትውጣት ትመርጥ ነበር። ቀረብ ብላ «ልጄ፣ እኔ ነኝ የደወልኩት» አለችው። ልጁ ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ እንባዋን ሲያይ መልሶ ዘጋው። ከታች ቡጋጻ አመጣችለት፤ ቆሞ በላው፣ ሁለተኛም በላ። ጓደኛው ቤት ሶፋ ላይ ነው የሚያድረው። ማመልከቻውን ላጠፋ እጄን ስዘረጋ «ሥራ እስክጀምር ይቆይ» አለ። «የመጋዘኑን ስም ግን ለማንም።»

«ለማንም» አልኩት። ይህን ቃል ስሰጥ ምን እንደሚያስከፍለኝ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ደረጃውን እያለከለከ ወጣ። ትከሻው የጫኝና አውራጅ ትከሻ ነው፤ ኮፍያውን እጁ ላይ ያዞራል። አገጩን ሳየው አወቅኩት። ምንም ሳልል ወንበር አቀረብኩለት። አልተቀመጠም፤ በዚህም ይመሳሰላሉ።

«ልጄን ፈልጌ ነው። ዲሚትሪስ ይባላል፤ ሚትሶስ ነው የምንለው።»

«አባቴ፣ እኛ ቤት ማን እንደመጣ ማን እንዳልመጣ ለማንም አንናገርም።»

«እኔ ማንም አይደለሁም። አባቱ ነኝ።»

«ለአባትም አንናገርም።»

«ከዚህ ነው የተደወለው፤ ድምጿን አውቀዋለሁ፣ ይቺው ናት» ብሎ ወደ አርጊሮ ጠቆመ። አርጊሮ ደህና አደሩ ካለችው ጊዜ ጀምሮ አፏን በእጇ ይዛለች።

«መደወላችን ጥፋት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ጥፋትን በሁለተኛ ጥፋት ግን አንጠግነውም።»

ሽማግሌው ወደ ጠረጴዛዬ ቀረበ። ድምፁ ወረደ። «ከበዓሉ ማታ ጀምሮ ቤት አልገባም። ስልኩ ዝግ ነው። ሆስፒታል ሄድኩ፣ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። የት እንዳለ አትንገሪኝ፣ እሺ። በሕይወት አለ ወይ? አንገትሽን ብቻ ነቅንቂልኝ።»

እግዚአብሔርን እላችኋለሁ፣ አንገቴ ሊከዳኝ ምንም አልቀረውም። ልጁ ትናንት እዚህ ቆሞ ሁለት ቡጋጻ መብላቱን አውቃለሁ። አንድ ንቅንቅ ማንን ይጎዳል? ዛሬ ለአባት የነቀነቅኩት አንገት ግን ነገ ለማን እንደሚነቀነቅ ማን ያውቃል። አንገቴን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ።

«ልጅ የለሽም» አለኝ።

«የለኝም።»

«ለዚህ ነው።»

ይህ ገባኝ፤ እስከ አጥንቴ ነው የገባኝ። ያኔ ያቺ የታወቀችው ቁጣዬ ተነሳች። «ልጅ ስለሌለኝ አይደለም» አልኩት። «በዚህ በር አባት ይገባል፣ አጎት ይገባል፣ የድሮ አለቃ ይገባል። ሁሉም ስለምወደው ነው እያለ ነው የሚገባው። ከመካከላቸው ዱላ የያዘው የትኛው እንደሆነ ግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ለአንዱ ከከፈትኩ ለሁሉም ከፈትኩ ማለት ነው። ያዘኑብኝ እንደሆነ ይዘኑብኝ፤ ብፈልግ እኮ ሰው ደስ የሚያሰኝ ሌላ ሥራ አላጣም።»

ኮፍያውን ማዞር አቆመ። «አጎት አልሽ?»

«ማንም ይሁን ማን።»

«ወንድም አለኝ» አለ በዝግታ። «የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፣ አፉ ማር ነው። መጥቶ ልጁ የት ነው የሚሠራው ቢልሽስ?»

«ለርስዎ ያልኩትን እለዋለሁ።»

«ስለ ቤተሰቡ ተጨንቄ ነው ቢልሽ?»

«ያንኑ።»

«ጉቦ ቢሰጥሽ?»

«በደረጃው ሳይሆን በመስኮቱ ነው የሚወርደው።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ተቀመጠ፤ ሲቀመጥ የሆነ ነገር ከላዩ ላይ የወረደ መሰለኝ። «ጥሩ ነው» አለ። «እንዲያው አድርጊ። ለእኔም እንዳትነግሪኝ። ብትነግሪኝ ኖሮ ለሱም ትነግሪው ነበር።»

እዚህ ቢሮ ብዙ ሰው አመስግኖኛል። እንዲህ ያለ ምስጋና ግን ሰምቼ አላውቅም። አርጊሮ ውሃ አመጣችለት። ጠጥቶ ያለ ጥያቄ ማውራት ጀመረ። ስሙ አኔስቲስ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ እሱና ልጁ ብቻ ናቸው። «ወንድሜ ሲናገር ዝም አልኩ» አለ። «ዝም አይነቅዝም ሲባል ነው ያደግኩት። እንዴት እንደነቀዘብኝ ብታዪ። ልጄን ያስወጣው የወንድሜ አፍ አይደለም፣ የኔ አፍ መያዝ ነው። ያን ቤት የሠራሁት ለማን ሆነና።»

ለማጽናናት ብፈልግም ምን እላለሁ? ያለኝ ቃል ሁሉ የልጁ ነው። ውሃውን ሞላሁለት።

ትንሽ ቆይቶ ዙሪያውን አየ። «እናንተ ሠራተኛ ትልካላችሁ አይደል? ማንም ሠራተኛ መጠየቅ ይችላል?»

«ማንም።»

«እንግዲያው ፍሪጅ የሚሠራልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

አርጊሮ ሳል ያዛት። እኔ ፊቴን አጠንክሬ «ተበላሽቷል?» አልኩት።

«እስክደርስ ይበላሻል።»

«የውሸት ሥራ አላወጣም፣ አባቴ።»

«ቤት ደርሼ እደውልልሻለሁ። ያኔ እውነት ይሆናል።»

አሠራራችንን አስረዳሁት። ሰው በስሙ አይጠራም፤ ሥራው ሙያው ላላቸው ሁሉ ይላካል፣ ቀድሞ የመለሰ ይሄዳል። «የሚመጣው ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ልመርጥም አልችልም። ፈጽሞ የማያውቁት ሰው ሊመጣ ይችላል» አልኩት።

«የመጣው ይምጣ። ለሱም ቡና ይፈላል።»

ከእኛ ሠራተኛ የሚቀበል ሁሉ የሚፈርመው ቃል አለ፤ አወጣሁለት። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ ጮክ ብሎ አነበበ። «ለሚመጣልኝ ሠራተኛ በሬን በአክብሮት እከፍታለሁ። ራሱ ካልነገረኝ በቀር ስለ ግል ሕይወቱ አልጠይቀውም። የሰማሁትንም ለሌላ አላወራም።» ሁለተኛ አነበበው፣ ያኔ ድምፅ ሳያወጣ። «ይህን ማስፈረም ልጅ ሲወለድ ነበር» አለ። ፈረመ፤ ፊርማው ወረቀቱን ሊበሳው ደረሰ።

ከምሳ በፊት ደወለ። «ተበላሸ» አለ በኩራት። ምን እንዳደረገው አልጠየቅኩም። ሥራውን አወጣሁ፦ የቤት ፍሪጅ፣ አሮጌ፣ ካላማሪያ ሰፈር፣ ክፍያው እንደተለመደው፣ ከአድራሻው ጋር። ለማቀዝቀዣ ቴክኒሻኖቻችን ሁሉ ሄደ። ከዚያ መጠበቅ።

ማንም አልመለሰም። አርጊሮ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። «ሌላ ሰው ቢቀድመውስ? ያቺ ሌላዋ ቴክኒሻን ላምብሪኒ ፈጣን ናት፣ ሥራም ትፈልጋለች። አንዴ ልደውልለትና አድራሻውን በደንብ እየው ልበለው። አንዴ ብቻ።»

«እትዬ አርጊሮ።»

«ይህ እኮ ለሥራ ነው። ለሥራ የተሰጠ ቁጥር ለሥራ አልሽ።»

«ለአንዱ ማዳላት ነው። ላምብሪኒም ሥራ ፈላጊ ናት።»

«ድንጋይ ነሽ» አለችኝ። ድንጋይነቴ ያን ቀን እኔንም አሞኛል። ልጁ መልእክቱን አይቶ ይሆን? አይቶ የአባቱን አድራሻ ሲያነብ ወጥመድ መስሎት ይሆን? እኔስ ብሆን ምን አስብ ነበር? ስልኩ ላይ እጄን አድርጌ፣ አርጊሮን ከስልኩ፣ ራሴንም ከስልኩ ስጠብቅ ዋልኩ።

ልንዘጋ ስንል መልስ ገባ። «ፍሪጁን እኔ እሠራዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት። ዲሚትሪስ።» ሌላ አንዲት ቃል የለችበትም። አርጊሮ አማተበች።

አርብ ዕለት አጎትየው ፓንዴሊስ መጣ። እውነትም አፉ ማር ነው፤ ስለ ቤተሰብ ፍቅር ተናግሮ ተናግሮ፣ ልጁ የተቀጠረበትን ቦታ ስም «ለመባረክ ያህል» ጠየቀ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት አርጊሮ ከወንበሯ ተነሳች። «ማን እንደመጣ ማን እንዳልመጣ ለማንም አንናገርም» አለችው። ደገመችለት፣ ሠለሰችለት። ማሩን ይዞ ወረደ። የስፌት አስተማሪ ስትቆጣ እንዲህ ቀጥ ብላ እንደምትቆም አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ እኛ የምንሠራው እስከ ምሳ ነው። ሥራ ሲያልቅ አሠሪው መደወል አለበት፤ ሠራተኛው በሰላም መሄዱን፣ የሚገባውን ማግኘቱን እናረጋግጣለን። ሰዓቱ አለፈ። እኔም አርጊሮም ወደ ቤት አልሄድንም፤ ለምን እንደቀረን አንዳችንም አልተናገርንም። ቆይቶ ስልኩ ጮኸ።

«አኔስቲስ ነኝ» አለ። «ሠራተኛው መጥቶ ነበር።»

የተለመዱትን ጥያቄዎች ከወረቀቱ ላይ አነበብኩ። «ሥራው ተጠናቋል?»

«ተጠናቋል። ካቻቢቴውን ሳያወጣ ነው ያወቀው። ማን ነው ይህን ሽቦ የነቀለው አለ። እኔ ነኝ አልኩት።»

«ክፍያውስ?»

«አልቀበልም አለ። ፈርሜያለሁ ብዬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት።»

«በቃልዎ መሠረት፣ ስለ ግል ሕይወቱ ጠይቀውታል?»

ከኋላው የሳህን ድምፅ ይሰማል፤ ሰው ገበታ እያቀረበ ነው።

«አልጠየቅኩም» አለ። «ፍሪጁን ከግድግዳው ስቦ ከጀርባው ገባ። እጁ ብቻ ነው የሚታየኝ። ላምባዲናውን ያዝኩለት። ብዙ ሠራ። ከዚያ እዚያው ጀርባ እንዳለ፣ ፊቱ ሳይታየኝ፣ ራሱ ነገረኝ። ሁሉንም።»

እርስዎስ ምን አሉት? ይህ ጥያቄ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ወረቀቱ ላይ ግን የለም። የኔ አይደለም። ዋጥኩት።

«አትጠይቂኝም?» አለ።

«አልጠይቅም።»

«እኔ ልንገርሽ እንግዲህ። በዚህኛው ዝም አላልኩም። ልጄ ነህ፣ ያንን ገበታ ላይ ማለት ነበረብኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ከዚያ እጁን ስቤ አወጣሁት። ሰኞ ሥራ ሲገባ እኔ ነኝ የማደርሰው። የት እንደሆነ አልነገርሽኝም፤ እሱ ነገረኝ።»

«ስለ ማን እንደሚያወሩ አላውቅም» አልኩት።

ሽማግሌው ሳቀ፤ የወደብ ሰው ሳቅ። «በርቺ» ብሎ ዘጋው።

ስልኩን አስቀምጬ ቀና ስል አርጊሮ ፊት ለፊቴ ቆማለች። እንባዬ አገጬ ላይ ደርሷል፤ ልደብቀውም አልቻልኩም። ያን ልጅ ያስወጣችው ሴት ናት፣ መግባቱን ማወቅ ከማንም በላይ የሚገባት ናት፤ ቢሆንም አኔስቲስ የነገረው ለእኔ ነው።

«ፍሪጁ ተሠርቷል» አልኳት።

አየችኝ። ጥያቄው ዓይኗ ላይ ሲመጣ አየሁት፣ ስትመልሰውም አየሁት። ሶፍት አቀበለችኝ፣ «እሰይ» አለች፣ ሄዳም የሰኞን ቀጠሮዎች ማስተካከል ጀመረች። በዚህ ቢሮ ያን ዕለት በእትዬ አርጊሮ የኮራሁትን ያህል በማንም ኮርቼ አላውቅም።